በአሰንዳቦ ስላረፉት ሐጂ ሱፊያን አባቦራ እና ጥቅምት 9 ቀን ስላልደወልነው ስልክ

የጅማና አካባቢዋ ነባር መንገደኞች ማኅበር መሥራች አባልና የመጀመሪያው ሊቀመንበር ሐጂ ሱፊያን አባቦራ በተወለዱ በ74 ዓመታቸው፣ ሐሙስ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም. በአሰንዳቦ ከተማ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው አርፈዋል። በማግስቱ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በትውልድ ከተማቸው በየቡ ተቀብረዋል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ማኅበሩ የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን ለአባላቱ፣ ለወዳጆቹና ለከተማው ሕዝብ በዚህ መግለጫ ያሳውቃል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ቃል ማረም ያስፈልጋል። ጥቅምት 14 ቀን በስብሰባ ክፍላችን በር ላይ በለጠፍነው አጭር ማስታወቂያ ሐጂ ሱፊያን «በድንገት» እንዳረፉ ጽፈን ነበር። ቃሉ ትክክል አይደለም። ሐጂ ሱፊያን ከማረፋቸው በፊት አምስት ቀን ታመዋል። በእነዚያ አምስት ቀናት ማኅበሩ ምን እንዳደረገና ምን ሳያደርግ እንደቀረ ከዚህ በታች ተገልጿል። የቀድሞው ማስታወቂያ ተነሥቷል።

ሐጂ ሱፊያን በ1944 ዓ.ም. በየቡ ተወለዱ። ከ1966 እስከ 2004 ዓ.ም. ለሠላሳ ስምንት ዓመታት በቡና ጥራት መርማሪነት አገልግለዋል። ሥራቸው የናሙና ከረጢት ይዞ ከቡና ጣቢያ ወደ ቡና ጣቢያ መዞር በመሆኑ፣ በየቡ ከተማ እና በአጋሮ መካከል ያሉ የእግር መንገዶችን ሁሉ በስማቸው ያውቁ ነበር። በ1998 ዓ.ም. የሐጅ ግዴታቸውን ፈጽመዋል። ስለዚያ ጉዞ ሲጠየቁ ግን ከአውሮፕላኑ ይልቅ ከጅማ አዲስ አበባ ድረስ በአውቶቡስ አብረዋቸው ስለተቀመጡት ሰዎች አብዝተው ያወሩ ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ጡረታ በወጡ በሦስተኛው ወር፣ ከአሥራ አንድ ሰዎች ጋር ይህን ማኅበር መሠረቱ። መሥራቾቹ ሾፌሮች፣ ነጋዴዎች፣ መምህራንና አንድ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዓላማው ብዙ የተጓዙ ሰዎች በወር አንድ ጊዜ በጅማ ሂርማታ ሰፈር ተገናኝተው ያዩትን እንዲያወሩና የመንገድ ልማዳቸውን እንዲያካፍሉ ነው። ያልሄዱበትን ቦታ በወሬ ማውራት በደንቡ የተከለከለ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ሃያ ሦስት አባላትን መርተው ከየቡ እስከ አጋሮ በሁለት ቀን በእግር አድርሰዋል።

በ2011 ዓ.ም. «የመንገደኛ ልማድ» በሚል ርእስ ለአባላት ገለጻ አቅርበዋል። እንደ ቃለ ጉባኤው፣ ሐጂ ሱፊያን የገቡበትን ከተማ ወንዝ ስም ሳይጠይቁ ምሳ አይበሉም ነበር። በመኪና ውስጥ «ስንት ሰዓት ቀረን?» ብለው አይጠይቁም፤ «ቀጥሎ ያለው አገር ማን ይባላል?» ይሉ ነበር። ባደሩበት ቤት ሻንጣቸውን ሙሉ በሙሉ አያራግፉም። ይህን ገለጻ ከሰሙት ሠላሳ አራት አባላት መካከል ዛሬ በሕይወት ያሉት አሥራ ሁለት፣ በስብሰባ የሚገኙት ደግሞ ሰባት ናቸው።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከሐጂ ሱፊያን በቀር በማኅበሩ የመውጫ መዝገብ ላይ ስሙን የጻፈ አባል የለም። ምክንያቶቹ ሕመም፣ እርጅና፣ የመንገድ ስጋትና የልጆች ክልከላ ናቸው። ሌሎቻችን ስለ ጉዞ እናወራለን፤ የሚጓዙት እሳቸው ነበሩ።

ስለ መውጫ መዝገቡ ማብራራት አስፈላጊ ነው። በ2006 ዓ.ም. በሐጂ ሱፊያን አርቃቂነት በጸደቀው የውስጥ ደንብ አንቀጽ 9 መሠረት፣ ተጓዥ አባል የሚሄድበትን ቦታና የሚመለስበትን ቀን በመዝገቡ ይጽፋል። የጻፈው የመመለሻ ቀን ሳያልፍ ስልክ አይደወልለትም፤ እሱም አይደውልም። ሐጂ ሱፊያን አንቀጹን ለጉባኤው ሲያስረዱ፣ «መንገድ ላይ ያለ ሰው ከቤት ሲጠራ ልቡ ይመለስና እግሩ ብቻ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሰው ምን አይቶ መጣ ይባላል?» ብለዋል። አንቀጹ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

በ2012 ዓ.ም. ልብስ ሰፊው አባላችን አቶ አኒስ ደንቡን ተላልፈው፣ ወደ ቦንጋ ለተጓዙት ለቀድሞው የአውቶቡስ ሾፌር ለአቶ ፍስሐ ደውለው «በሰላም ገባህ ወይ?» ብለው ጠየቁ። በቀጣዩ ስብሰባ ሐጂ ሱፊያን ለአቶ አኒስ «ሞግዚት» የሚል ስም አወጡላቸው። ስሙ እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም። ከዚያ ወዲህ ለተጓዥ አባል የደወለ ሰው የለም። ማኅበሩ ይህን ለዓመታት የጥሩ ሥነ ሥርዓት ምልክት አድርጎ ሲቆጥር ቆይቷል።

ሐጂ ሱፊያን ማክሰኞ ጥቅምት 4 ቀን በመዝገቡ ላይ «ወደ አሰንዳቦ፤ መመለሻ እሑድ ጥቅምት 16» ብለው ጽፈው ወጡ። የጉዞው ዓላማ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ለአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ምግብ ያቀርቡ የነበሩ አረጋውያንን አግኝቶ ትዝታቸውን መመዝገብ ነበር። ቅዳሜ ጥቅምት 8 ቀን በተከራዩት አልጋ ቤት ታመሙ።

እሑድ ጥቅምት 9 ቀን ማኅበሩ መደበኛ ወርኃዊ ስብሰባውን እያካሄደ ሳለ፣ የሐጂ ሱፊያን ብቸኛ ልጅ ወ/ሮ ሳሊሀ ሱፊያን ከአጋሮ ለሊቀመንበራችን ለወ/ሮ ጥሩወርቅ ደወሉ። ንግግሩን ጉባኤው በሙሉ በድምፅ ማጉያ ሰምቶታል። በቃለ ጉባኤው የሰፈረው ሳይቀነስ የሚከተለው ነው።

ወ/ሮ ሳሊሀ፦ «እትዬ ጥሩወርቅ፣ ለአባዬ ልደውልለት ብዬ ፈራሁ፤ ይቆጣኛል። ግን ከትናንት ጀምሮ ልቤ እሺ አላለኝም። እናንተ ምን ትላላችሁ?»

አቶ ፍስሐ፦ «ሐጂ ነው እንዴ የሚጠፋው? መንገዱ ይጥፋ እንጂ! አሁን ብንደውል ዓመት ሙሉ ሲስቅብን ነው የሚከርመው።»

አቶ አኒስ፦ «እኔን እንዳታዩኝ። ሞግዚትነቴን ጨርሻለሁ፤ ሌላ ቅጠሩ።» (ሳቅ።)

ወ/ሮ ጥሩወርቅ፦ «ሳሊሀዬ፣ ቀኑ የዛሬ ሳምንት ነው። እስከዚያ አንቺም አትደውዪ፤ ደንቡን ታውቂው የለ? ማሎ፣ እባክሽ፣ አትስጊ የኔ ልጅ።»

ወ/ሮ ሳሊሀ፦ «እሺ። እናንተ ካላችሁ።»

ጉባኤው ከዚህ በኋላ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አለፈ። በቅንፍ ውስጥ ያለው ቃል በዕለቱ በጸሐፊው የተጻፈ ነው። ይውጣ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ሥራ አስፈጻሚው አልተቀበለውም።

የአልጋ ቤቱ ባለቤት ወ/ሮ ብርሃኔ ለሥራ አስፈጻሚው እንደገለጹት፣ ሐጂ ሱፊያን ከእሑድ ጀምሮ ምግብ መቅመስ አቁመው ነበር። ስልካቸው በርቶ ራስጌያቸው ነበር። ወ/ሮ ብርሃኔ ሰኞ ጠዋት «አባቴ፣ ሰው ልጥራልዎ፤ የሚደውልልዎ እንኳ የለም እንዴ?» ሲሏቸው፣ «አሉኝ እንጂ። ቀኔ ስላልደረሰ ነው» ብለው መልሰዋል። እንግዲያው እርስዎ ይደውሉ ሲባሉም ስቀው፣ «በዚህ ዕድሜዬ ሞግዚት ፈለገ ልባል ነው?» ብለዋል። ወ/ሮ ብርሃኔ የቃሉን ትርጉም ከእኛ እስኪሰሙ ድረስ እንዳልተረዱት ነግረውናል።

ማክሰኞ ጥቅምት 11 ቀን ሐጂ ሱፊያን ራሳቸውን ሳቱ። ወ/ሮ ብርሃኔ ወደ ሕክምና ወስደዋቸው፣ በማስታወሻ ደብተራቸው ካገኙት ቁጥር ለወ/ሮ ሳሊሀ ደወሉ። ወ/ሮ ሳሊሀ ረቡዕ ጠዋት ሲደርሱ አባታቸው መናገር አቁመው ነበር። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። ማኅበሩ የማያውቋቸውን እንግዳ ለሦስት ቀናት ላልተለዩት ለወ/ሮ ብርሃኔ ያለውን አክብሮት እዚህ ላይ ይመዘግባል።

ሥራ አስፈጻሚው ይህን መግለጫ ለማዘጋጀት ጥቅምት 20 ቀን ተሰብስቦ ነበር። ክርክር ያስነሣው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ የሕክምና ባለሙያው፣ በሽተኛው ከሁለት ቀን በፊት ቢመጡ ይተርፉ ነበር ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ «ይተርፉም ነበር፣ ላይተርፉም ይችሉ ነበር፤ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም» ብለዋል።

አቶ ፍስሐ የባለሙያው ቃል ከመግለጫው መጀመሪያ እንዲገባ ጠየቁ። «ሰው ሳያውቅ እንዳይፈርድብን ነው፤ ይህች ቃል ታድነናለች» አሉ። ወ/ሮ ጥሩወርቅ፣ «ማንን ነው የምታድነው ፍስሐ? ሰውየው አፈር ውስጥ ነው። ልጅቷን አትደውዪ ያልኳት እኔ ነኝ፤ በዚህ በአፌ!» ሲሉ መለሱ። በመጨረሻም የባለሙያው ቃል ሳይቀርም ሳይቀድምም በቦታው እንዲጻፍ ተወሰነ፤ ከላይ የተጻፈውም በዚሁ ውሳኔ መሠረት ነው።

ማኅበሩ በዚህ ጉዳይ የሚቀበለው ኃላፊነት ግልጽ ሊሆን ይገባል። ደንቡን ያረቀቁት ሐጂ ሱፊያን ናቸው፤ የጠበቅነው ግን እኛ ነን። ሕጋዊ ግዴታ አልነበረብንም። ጥቅምት 9 ቀን ግን አንዲት ልጅ ስለ አባቷ ጠየቀችን፤ እኛም የማናውቀውን እንደምናውቅ ሆነን መለስንላት። ያን ዕለት ከሰባታችን አንዳችን ብንደውል ስልኩ ይነሣ ነበር፤ ሐጂ ሱፊያን እስከ ሰኞ በደንብ ይናገሩ እንደነበር ተረጋግጧል። ያልደወልነው ለደንቡ ካለን አክብሮት ብቻ እንዳልሆነም እናምናለን። እንዳይሳቅብን ነው።

አንቀጽ 9 ጥቅምት 20 ቀን በሙሉ ድምፅ ተሽሯል። ሥራ አስፈጻሚው ይህን እንደ እርምት እንዲታይለት አይጠይቅም፤ በአሁኑ ጊዜ መንገድ ላይ ያለ አባል የለም፣ በቅርቡም ይኖራል ብለን አንጠብቅም።

ለወ/ሮ ሳሊሀ ሱፊያን፣ ለመላው ቤተሰብ፣ በቡና ምርመራ ሥራ አብረዋቸው ላሳለፉ ባልደረቦች፣ እንዲሁም ለየቡ እና ለአጋሮ ወዳጆቻቸው አላህ ሶብሩን እንዲሰጣቸው እንለምናለን። መጽናናትን የምንመኘው ለመመኘት የሚያበቃ ቦታ እንደሌለን እያወቅን ነው።

በአገራችን ልማድ ሐዘን የሚገለጸው በጽሑፍ ሳይሆን ለቅሶ ቤት በመድረስ ነው። ሥራ አስፈጻሚው ጥቅምት 16 ቀን ሦስት ተወካዮችን አጋሮ ወደ ወ/ሮ ሳሊሀ ቤት ልኮ ነበር። ወ/ሮ ሳሊሀ በር ላይ ቆመው፣ «ያን ቀን ቁጭ ብላችሁ ነበር፤ አሁንም ቁጭ በሉ» ብለው መልሰዋቸዋል። ተወካዮቹ ውሃ ሳይቀምሱ በመጡበት መኪና ተመልሰዋል። ወ/ሮ ሳሊሀ በኋላ በጎረቤት በኩል በላኩት መልእክት፣ በአርባውም ሆነ ከዚያ በኋላ ከማኅበሩ ማንም ወደ ቤታቸው እንዳይመጣ ጠይቀዋል። ማኅበሩ ጥያቄውን ያለ ቅሬታ ተቀብሏል። ስለሆነም አባላት በቡድንም ሆነ በግል፣ ለለቅሶም ሆነ ለይቅርታ፣ ወደ አጋሮ እንዳይሄዱ በጥብቅ እናሳስባለን።

የጅማና አካባቢዋ ነባር መንገደኞች ማኅበር
ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ
ጅማ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.