ለቅሶ ብለን የወጣንበት ዕረፍት

ጥር 9 ቀን 1973

ውርጭ። ያጠብኩት ልብስ ገመዱ ላይ እንጨት ሆኖ ቀረ። ኪዳኔ ባቄላውን ሲደረድር ዋለ፣ ከምሰሶው እስከ በሩ። ዶሮዋ ገብታ አንዷን ለቀመችበት... አቤት ጩኸት። እስኪመሽ አልበረደለትም። ስምንት ዓመት ሞላው ልጄን፣ አንድ ቀን ‹‹እማ›› ብሎኝ አያውቅም። ጸበሉም አልቀረ፣ ክታቡም አልቀረ። አሁንስ ተውኩት።

አባይነህ ከትምህርት ቤት ሲገባ እኔ ውኃ ልቀዳ ወጣሁ። ስመለስ እሱ ደብተር ሊያርም ወጣ። እንደ ዘበኛ ተራ ገብተን ነው የምንኖረው። ከባሌ ጋር መጨረሻ ያወራነው መቼ ነው? ስለ ጨውና ስለ ላምባ ሳይሆን?

ጥር 13

ሰማሁ። ከእሱ አይደለም፣ ከሌላ አስተማሪ ሚስት። አባይነህ ዝውውር ጠይቋል። ወደ ዓለም ከተማ። ለብቻው። ‹‹አልነገረሽም እንዴ?›› አለችኝ። ‹‹ነግሮኛል እንጂ›› አልኩ። ፊቴ እንዳይታይ ሽንኩርት መላጥ ጀመርኩ።

ጥር 14

ጠየቅሁት። አልካደም። ‹‹ደከመኝ፣ እታገኝ›› አለ። በቃ። እኔ የማልደክም በሬ ነኝ? አልኩትም።

ቆይቶ ‹‹ራቤል ያለው አስተማሪ ጓደኛዬ ለግማሽ ዓመቱ ዕረፍት አገሩ ሊገባ ነው፣ የቤቱን ቁልፍ ውሰድ ብሎኛል›› አለ። ‹‹ሁለት አዳር ለብቻችን እንሁንና እንነጋገር። ከዚያ ሂድ ካልሽኝ እሄዳለሁ፣ አትሂድ ካልሽኝ እቀራለሁ።››

ባልና ሚስት ለዕረፍት! መንዝ ውስጥ ተሰምቶ ያውቃል? ባልና ሚስት አብሮ የሚወጣው ለሠርግ ነው፣ ለንግሥ ነው፣ ለለቅሶ ነው። ልጁንስ ማን ይይዘዋል? አንድ ቀን ተለይቼው አላውቅም። ካልሄድኩ ደግሞ ባሌ ሊሄድ ነው።

ጥር 18

እህቴ ኮከቤ ከመሐል ሜዳ መጣች። ኪዳኔ ከእሷ አይሸሽም፣ እሱም ተመስገን ነው። ሁሉን አሳየኋት... ገንፎው በረድ ብሎ እንዲቀርብለት፣ የሚሸፋፈንበትን ባና ማንም እንዳያነሣበት፣ ሰው እንዳይሰበሰብበት። ‹‹በተለይ ሰው›› አልኳት። ‹‹ሰማሁ፣ ስንት ጊዜ!›› አለች።

ጥር 20

ጉድ ፈላ። አባይነህ የይለፍ ወረቀት ሊጠይቅ ገበሬ ማኅበር ሄደ። ሊቀመንበሩ ጓድ ጫኔ ‹‹ለምን ጉዳይ?›› አሉት። ‹‹ከሚስቴ ጋር ላርፍ›› ይበል? የማኅበሩን የቅዳሜ ስብሰባ ጥሎ? አፉ ላይ የመጣለትን ‹‹ለለቅሶ ነው፣ የባለቤቴ አጎት ጋሼ ገብረየሱስ ራቤል ላይ ዐርፈው›› ብሎ ቁጭ።

ጋሼ ገብረየሱስ የእናቴ ወንድም ናቸው፣ የኖሩትም ራቤል ነው። ግን ከሞቱ አሥር ዓመት አልፏቸዋል! ሣቅ አፈነኝ። አባይነህም ሣቀ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። ‹‹የሞተ ሰው መግደል ምን ኃጢአት አለው?›› አለ። እኔ እንጃ።

ጥር 22፣ ራቤል

ኪዳኔ ሳይነቃ ሾልከን ወጣን። የጓሳን ሜዳ እስክናቋርጥ ድረስ ልቤ እቤት ነበር። አባይነህ ስንቁን ተሸክሞ ከፊት ይሄዳል፣ ቆም ብሎ ይጠብቀኛል፣ ደግሞ ይሄዳል። ሣሩ ላይ ቁጭ ብለን ቂጣ በተልባ በላን። ቤቱ በነፃ፣ ስንቁ ከቤት፣ መንገዱ በእግር... ደሀ ሲዝናና እንዲህ ነው።

አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር። ጭር ሲልብኝ ፈራሁ። ‹‹አሁን ምን እናድርግ?›› አልኩት። ‹‹እኔ ምን አውቄ›› አለ።

ጥር 23፣ ራቤል

ተኛን። ፀሐይ እስኪሞቅ ዝም ብለን ተኛን። ማንም አልጮኸ፣ ማንም አልጠራኝ። ስነቃ አባይነህ እሳት አያይዞ ሻይ አፍልቷል። እንደተጋባን ሰሞን እንዲህ ያደርግ ነበር። ረስቼዋለሁ።

ከሰዓት ገደሉ አፋፍ ላይ ፀሐይ እየሞቅን ተነጋገርን። ‹‹ልጁን ጠልቼው አይደለም›› አለኝ። ‹‹አንቺ አታስነኪኝም። ላብላው ስል አይሆንም፣ ላልብሰው ስል አይሆንም። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ።›› እውነቱን ነው። ያራቅሁት እሱን ብቻ ነው? ጎረቤት እንኳ ደጄን ከረገጠ ስንት ጊዜው።

‹‹አትሂድብኝ›› አልኩት። አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። ‹‹ይኸው ጋሼ ገብረየሱስ ወግ ደረሳቸው›› አለኝ ዓይኑን እየጠረገ።

ጥር 24

ስንመለስ ከሩቅ ደጃችን ላይ ሰው አየሁ። ብዙ ሰው። ልጄ ሞተ አልኩ። ሮጥኩ። ኮከቤ በሩ ላይ ያዘችኝና በጆሮዬ ‹‹ደህና ነው፣ ደህና ነው። ለጋሼ ገብረየሱስ ነው የመጡት!››

ለካ ጓድ ጫኔ ትናንት ስብሰባው ላይ ‹‹መምህር አባይነህ ሐዘን ስለደረሰባቸው አልተገኙም›› ብለው ተናግረዋል። ሕዝቡ ከስብሰባው በቀጥታ ወደ እኔ ቤት። ንፍሮ ይዞ፣ እንጀራ ይዞ። ኮከቤም የእህት ልጅ ናትና እግዜር ያጥናሽ ተባለች። ‹‹መልካቸውን እንኳ አላስታውሰውም፣ ግን ምን ላድርግ፣ አለቀስኩ›› አለችኝ።

ኪዳኔስ? ገባሁ። ሰዉ ግድግዳውን ተደግፎ መደዳውን ተቀምጧል፣ እንደ ለቅሶ ቤት ወጉ ዝም ብሎ። ኪዳኔ ከዳር ተነሥቶ የያንዳንዱን ሰው ትከሻ በመዳፉ ነካ እያደረገ ይሄዳል። ዳር ሲደርስ ይመለሳል። ማንም አይስቅበት። ማንም ‹‹ስምህ ማነው?›› አይለው። ጎረቤቴ እማማ አማከለች፣ የሰፈራችን ትልቅ ሰው፣ ጠጋ አሉኝና ‹‹ከትናንት ጀምሮ እንዲሁ ነው። ከመደዳው ሰው ከተነሣበት ግን ይከፋዋል። ጫኔ ሽንቱን ይዞ ነው የዋለው›› አሉኝ።

እኔም ከሰዉ ጋር ተቀመጥኩ። ኪዳኔ ደረሰብኝ፣ ትከሻዬን ነካ አድርጎ አለፈ። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ‹‹አይዞሽ፣ እሳቸውስ ዐርፈዋል›› አሉኝ። ደስ ብሎኝ ነው እንዴት ልበላቸው?

ጥር 26

አልቻልኩም። እማማ አማከለች ዘንድ ሄጄ ሁሉን ተናገርኩ። ንፍሯችሁን በውሸት በላሁት አልኩ።

ፈትላቸውን አላቆሙም። ‹‹አውቃለሁ›› አሉ። ‹‹ወንድሜ ቄስ ወልደ አማኑኤል የሚቀድሰው ራቤል አይደለም? የገብረየሱስን ፍትሐት ያደረሰው እሱ ነው። ጥንት።››

‹‹ታዲያ... ለምን መጡ?››

‹‹ለቅሶማ ነበረ። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ እዚያ ቤት ለቅሶ አለ። በርሽን ዘግተሽ ለብቻሽ ታለቅሻለሽ እንጂ መቼ ጠራሽን? ጫኔ ሲናገር እሰየው፣ ምክንያት ተገኘ አልኩና ሰዉን ሰብስቤ ገባሁ።›› ከዚያ ቆጣ ብለው ‹‹ለንስሐ አባትሽ ግን ትናገሪያለሽ። ውሸት ውሸት ነው።››

ጉልበታቸውን ሳምኩ። ከደረቴ ላይ ወፍጮ የወረደልኝ መሰለኝ።

ሚያዝያ 24

ጓሳ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። የሠራተኞች ቀን ሰልፍ ትናንት አለፈ፣ ዛሬ እኛ ወጣን፣ ለአንድ አዳር። የበግ ጠባቂዎች ጎጆ ለምነን።

አባይነህ ዝውውሩን ትቶታል። ጠዋት ጠዋት ልጁን የሚያለብሰው እሱ ነው። ሹራቡን ገልብጦ ያለብሰዋል፣ አፌን ይዤ ዝም እላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኪዳኔ እማማ አማከለች ዘንድ ይውላል። እሳቸው የበግ ጸጉር ያባዝታሉ፣ እሱ ባዘቶውን ይደረድርላቸዋል።

የይለፍ ወረቀቱን ትናንትና ከሰልፉ በኋላ ራሴ ነኝ የጠየቅሁት። ጓድ ጫኔ ‹‹ለምን ጉዳይ?›› አሉ። ‹‹ልናርፍ›› አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ። ‹‹ከምን?›› አሉ። ‹‹ልጅ ከማሳደግ›› አልኩ። ፈረሙ።

ዛሬ ኪዳኔን እማማ አማከለች ቤት አድርሼ ‹‹ነገ እመጣለሁ›› አልኩት። ቀና አላለም፣ ሥራ ላይ ነው። አባይነህ ሰው እያየ እጄን ያዘኝ። እማማ አማከለች ‹‹ሂዱ፣ ሂዱ፣ ሳትቸኩሉ ኑ›› አሉን።

አልቸኩልም።