ብሩክታይት ነጻ ነሽ ተባለች

ላንድማርክ፣ አሌክሳንድሪያ
ጥቅምት 2006 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለእታለም፣

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኛ አምላክ ይመስገን አለን። ልጄ ጊዲዮን ኮሌጅ ገባልኝ፤ እኔም እዚያው ሆቴል አልጋ ማንጠፌን ይዣለሁ።

ጎረቤቴ ብሩክታይት ባለፈው ወር ጎትታኝ አብረን የጡት ምርመራ ሄድን። ከሳምንት በኋላ ከሆስፒታሉ ኮል አድርገው «ነጻ ነሽ» አሏት። አቤት ጉራዋ! ሎተሪ የደረሳት ነው የምትመስለው። ቤተ ክርስቲያን ያገኘቻትን ሴት ሁሉ «ሂጂ፣ ምንም አያስፈራም» ትላለች። አዲስ መኪና እሷ ገዛች፣ ጥሩ ባል እሷ አገኘች፤ ይሄ ደግሞ ይጨመርላት? ሳቋን መስማት አስጠልቶኝ እሷ ሊፍት ስትገባ እኔ በደረጃ እወርዳለሁ። «አንቺስ?» ስትለኝ «እኔም ነጻ ነኝ» አልኳት። ምን ልበላት?

እኔንም ኮል አድርገውኛል። የግራውን ደግመን እንየው፣ ሐሙስ ተመለሺ ብለዋል፤ ሥራ ስለበዛብኝ እንጃ።

ያን ቀን ነርሷ «ከቤተሰብ ይህ በሽታ ያለበት አለ?» ስትለኝ «የለም፤ እናቴን የገደላት ምች ነው» አልኩ። ለቅሶው ላይ የተባለው እሱ ነዋ! ግን ያስታመምሻት አንቺ ነሽ፤ እኔን ልጅ ናት ብላችሁ ክፍሏ አታስገቡኝም ነበር። በዚያ ሙቀት እንኳ ነጠላዋን ከደረቷ እንደማታወርድ ብቻ ትዝ ይለኛል።

ለጋሼም ለልጆቹም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አምላክ በሰላም ያገናኘን።

ከሐሙስ በፊት ግን ደውይልኝ፤ እማዬ በነጠላ የምትሸፍነው ግራዋን ነበር?

እህትሽ ስሂን