ወንዝ የማያሻግረው መድኃኒት

ቅዳሜ

አንደኛው ሥር አላወጣም! በንጹህ ውሃ ያስቀመጥኩት ሽንኩርት ነጭ ሥሩን እንደ ጺም አንዠርግጓል። የባህል ሐኪሙ ሸህ እንድሪስ በሰጡት መድኃኒት ውስጥ ያለው ግን ቡናማ ጉጥ ብቻ ይዞ ቀርቷል። ጫፉን ቆርጬ፣ ቀለም ውስጥ ነክሬ፣ በትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ አየሁት። ዘረመል የሚሸከመው ክሮሞሶም ተበጣጥሷል። ስንት ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

እህቴ ሰዓዳ በየጠዋቱ በባዶ ሆዷ የምትጠጣው ይህንን መድኃኒት ነው፤ ያውም እርጉዝ ሆና! ዓይኗ ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ ነው ተባለና ሸሁ ቅጠል ጨምቀው ሰጧት። ቆቦ ሆስፒታል ነይ ስላት መልሷ አንድ ነው፤ ይህን መድኃኒት የጀመረ ወንዝ ከተሻገረ ይረክስበታል። እሷ ካለችበት ከሮቢት ቆቦ ለመምጣት ደግሞ ወንዝ አለ። ምን ወንዝ አለ፣ በዚህ ወቅት አሸዋ ብቻ ነው። አሸዋም ያረክሳል?

ሽንኩርት ሰው አይደለም፤ አውቃለሁ። ስለ ልጇ እርግጡን አይነግረኝም። ግን እንዲህ የሚያጠራጥር ነገር ለነፍሰ ጡር ይሰጣል?

እሑድ

ሽንኩርቶቹን በፌስታል ይዤ ሮቢት ሄድኩ። ሸህ እንድሪስ በአክብሮት ተቀበሉኝ፤ ይሄ ደግሞ ይብስ ያናድዳል። አገላብጠው አዩአቸው።

“የት ነው ያስቀመጥሻቸው ልጄ?”

“ቆቦ፣ ትምህርት ቤት።”

“በይ እንግዲህ፤ መድኃኒቱ ወንዝ ተሻግሮ ረክሷል። የረከሰ ምን ያበቅላል?”

ከሰዓዳ ጋር አጠገባችን የተቀመጠው ባሏ ከድር ሳቀ። እሷም በዚያ በቢጫ ዓይኗ ሳቀች! ላስረዳ ሞከርኩ። ገና “ዘረመል” ከማለቴ ከድር ተነስቶ “አንቺ፣ የሸሁን ዘር ምን ብለሽ ነው የምትነኪ?” አለ። እኔ ሌላ፣ እሱ ሌላ። ጮህኩ። በሽማግሌ ፊት መጮህ ነውር ነው፤ ጮህኩ።

ተናድጄ ስወጣ ደጅ ላይ አንዲት ሴትዮ ሽንኩርት ዘርግታለች። ገዛሁና ተመለስኩ። “በርስዎ ቤት አንዱን በርስዎ ውሃ፣ አንዱን በመድኃኒቱ ያስቀምጡ፤ መድኃኒቱንም በእጅዎ ይቅዱት። ወንዝ የሚሻገር ነገር የለም” አልኳቸው።

ሸሁ ፈገግ አሉ። “ደግ፤ ይቀመጥ።”

ማክሰኞ

ማይክሮስኮፑን ሮቢት ልውሰደው ብል የንብረት ክፍሉ ሰውዬ “ከግቢ አይወጣም” አለኝ። ዓመቱን ሙሉ አቧራ ሲጠጣ ግን ግድ የለውም።

የመመረቂያ ጽሑፌን የሚያማክረኝ የዩኒቨርሲቲ መምህሬ ጋ ደወልኩ። “ግሩም ውጤት ነው፤ ጽሑፉን ቶሎ ላኪልኝ” አለ። እህቴስ ስለው “እሱ የጤና ባለሙያዎች ሥራ ነው” አለና ዘጋ። ግሩም!

ሰዓዳ ዛሬም ጠጥታለች።

ሐሙስ

ሸሁ ራሳቸው ደወሉ። “ነይ” ብቻ።

ሁለቱ ብርጭቆዎች መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን ነበሩ። አንዱ ጺም፣ አንዱ ጉጥ። ሸሁ ጉጡን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ ሰዓዳን አስጠሯት።

“ልጄ፣ ይሄ ይቅርብሽ። ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ወንዙንም ተሻገሪ፤ እኔ ፈትቼሻለሁ።”

“እሺ አባባ።”

እሺ! ስለምናት፣ ሳለቅስባት ያልሰማችኝ ልጅ በአንድ ቃል እሺ! ደስ ልሰኝ ወይስ ልቆጣ? ሌሎቹን ነፍሰ ጡሮችስ ብዬ ሸሁን ጠየቅኳቸው። “እስቲ ላስብበት” አሉ። ምኑ ነው የሚታሰበው? ነገ ተመልሼ እጨቀጭቃቸዋለሁ።

ሚኒባሱ ወንዙ ጋ ሲደርስ ሰዓዳ እጄን ጨመቀችው። አሸዋው ላይ ፍየሎች ተኝተዋል።

“እስካሁን የጠጣሁትስ?” አለችኝ።

ያንን የሚነግረኝ ሽንኩርት የለም። “ሐኪሟን እንጠይቃታለን” አልኳት፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ሆስፒታል ለምርመራ ደም ሰጥታ እዚህ እኔ ቤት ተኝታለች። ውጤቱ ነገ ነው። ንዴቴ አልበረደም። ግን አልሐምዱሊላህ፣ ተሻግራለች።