እፍ ተብላ የጠፋችው አምፖል
የአቶ ዘርአ ዳዊት ገብረአብ የሕይወት ታሪክ (1909–1984 ዓ.ም.)

አቶ ዘርአ ዳዊት ገብረአብ ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረአብ ወልደተንሣኤና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሐና ወልደ ሰንበት በኅዳር ወር 1909 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። እናታቸው የሚካኤል ዕለት ነው የተወለደው ሲሉ፣ አባታቸው የለም በማግስቱ ነው እያሉ ይከራከሩ ነበር። አቶ ዘርአ ዳዊት ማንንም ላለማስቀየም ሲሉ ዕድሜ ልካቸውን በሁለቱም ቀን ሥራ ሳይሠሩ ኖረዋል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከአባታቸው እግር ሥር ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ፣ ዳዊት ደገሙ፣ ከዚያም ዜማ ጀመሩ። በ1919 ዓ.ም. አባታቸው በማረፋቸው ቤቱ በእናታቸው ትከሻ ላይ ወደቀ። ወይዘሮ ወለተሐና የደብሩ ጧፍ ሠሪ ነበሩ። የፈተሉትን ጥጥ በቀለጠ ሰም ውስጥ እያሳለፉ በመዳፋቸው ሲያሻሹት ጧፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ውፍረት ሆኖ ይወጣ ነበር። በቤታቸው የጸና አንድ ሕግ ነበር፤ እርሱም «የማይነበብበት ጧፍ አይነድም» የሚል ነው። አንባቢው ለማዛጋት እንኳ ቀና ካለ ወይዘሮዋ ጎንበስ ብለው እፍ ይሉበታል። አቶ ዘርአ ዳዊትም ዳዊትን በቃሌ የያዝኩት በትጋት ሳይሆን በጨለማ ብዛት ነው ይሉ ነበር።

ከዓመት ዓመት የሰም ጢስ ሲገባበት የኖረው የእናታቸው ዓይን ግን እየደከመ ሄደ። ጠላት አገራችንን በወረረ በዓመቱ፣ በ1929 ዓ.ም.፣ ወይዘሮዋ በመርፌ ክር የሚያስገቡት በሰው እጅ ነበር። አቶ ዘርአ ዳዊት የዓይን መድኃኒት ፍለጋ ደብረ ብርሃን ድረስ በእግራቸው ወጡ። መድኃኒት አላገኙም። በጣሊያን ጦር ሰፈር አጥር በኩል ሲያልፉ ግን በአንድ መስኮት ውስጥ ጢስ የሌለው መብራት አዩ። ብርዱን ረስተው እዚያው ቆመው ቀሩ። ዘበኛው ሦስት ጊዜ አባረራቸው፤ በአራተኛው ሥራ ፈላጊ መስለውት ወደ ውስጥ አስገባቸው።

በዚህ ዓይነት የመብራቱ ሞተር ውኃ ቀጂ ሆነው ተቀጠሩ። ወሬው አንኮበር ሲደርስ የመሪጌታ ልጅ ባንዳ ሆነ ተባለ። ስሙ ከብዶባቸው እንደ ነበር የሚያውቋቸው ያውቃሉ፤ እሳቸው ግን አልተከራከሩም። በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በሠርግ ቤት፣ አንድ ሰው ሲያነሣባቸው «የሄድኩት ጢስ የሌለው መብራት ልሰርቅላት ነው» ብለው ወደ ምግባቸው ተመልሰዋል። ሐሳባቸውም ይኸው ብቻ ነበር፤ የእናታቸው ዓይን ጨርሶ ሳይጠፋ አንዲት አምፖል አንኮበር ላይ አብርተው ሊያሳዩአቸው።

የሞተሩ ኃላፊ ጉዊዶ የሚባል ጣሊያናዊ መካኒክ ነበር። አማርኛ አያውቅም፤ አቶ ዘርአ ዳዊትም ጣሊያንኛ አያውቁም። ሆኖም የዜማ ተማሪ ትርጉም እስኪገባው አይጠብቅም፤ መጀመሪያ በቃሉ ይይዛል። የእያንዳንዱን ብረት ስም ከጉዊዶ አፍ እየተቀበሉ በግዕዝ ዜማ ያወርዱት ጀመር። ጉዊዶ ለሞተሩ የሚጸልዩ መስሎት ነበር። ሞተሩም በዚያ ዓመት አንድም ቀን ስላልተበላሸ የሚከለክልበት ምክንያት አላገኘም።

በሁለተኛው ዓመት ምሥጢሩ ገባቸው። ማግኔት በመዳብ ሽቦ ጥቅል መካከል በፍጥነት ከዞረ መብራት ይወለዳል። ማግኔቱን በመንገድ ዳር ከተቃጠለ የጭነት መኪና ላይ ፈቱ። ሽቦው ግን ከየት ይምጣ? በዚያን ጊዜ አርበኞች የጠላትን የስልክ ሽቦ ይቆርጡ ነበር፤ የተቆረጠውም ዞሮ ዞሮ አሊዩ አምባ ገበያ ላይ የሴት አምባር ሆኖ ይገኛል። አምባር ሻጯ ዙቤዳ ሸሪፍ ትባል ነበር፤ ለወይዘሮ ወለተሐና ከቆላ ሰም ያመጣላቸው የነበረው የሰላሀዲን ሸሪፍ እኅት ናት። አቶ ዘርአ ዳዊት ፈቃድ ባገኙ ቁጥር እየወረዱ ያላትን የመዳብ አምባር ሁሉ ይገዟታል። መጠን አይጠይቁ፣ ጌጡን አያዩ፣ የሚመዝኑት በእጃቸው ነው። በስድስተኛው ገበያ ዙቤዳ አላስቻላትም።

«እንዲያው ቆይ፣ ይቺ ሴት ስንት ክንድ ነው ያላት?» አለቻቸው።

ገበያው ሳቀ። ሰላሀዲን ግን አልሳቀም፤ ወደ ጎን ወስዶ ነገሩን አጣርቶ ጠየቃቸውና ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልንጀራቸው ሆነ። ይህ ባልንጀርነት አርባ ስድስት ዓመት ቆይቷል።

አንድ ቀን አምባሩን በአቁማዳ ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ አርበኞች ያዙአቸው። አለቃቸው ባላምባራስ ኃይለ ገብርኤል አቁማዳውን አስፈትተው ስድሳ ሦስት አምባር ቆጠሩ። የጣሊያን ሰላይ ናቸው የሚል ክርክር ተነሣ፤ አንዳንዱም ጠመንጃውን አቀባበለ። አቶ ዘርአ ዳዊት መሬት ላይ ተቀምጠው ስለ ማግኔትና ስለ ሽቦ ጥቅል፣ ቀጥሎም ስለ እናታቸው ዓይን አስረዱ። ባላምባራስ እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ፦

«ልቀቁት። ጣሊያን እንዲህ ያለ ሰው አይልክም» አሉ። ስድሳ ሦስቱም አምባር ተመለሰላቸው።

አንጥረኛ ዘንድ ሄደው አምባሩን ከፍተው፣ አቃንተው፣ በቀዳዳ ብረት እየሳቡ ቀጭን ሽቦ አደረጉት። ጠቀለሉት፤ ማግኔቱን አዞሩት፤ አንዳች ነገር አልሆነም። ሽቦው ራቁቱን ስለ ነበር እርስ በርሱ እየተነካካ ኃይሉን ይበላው ነበር። ጉዊዶ ዘንድ ያለው ሽቦ ልባስ ነበረው፤ ያን የመሰለ ግን በአገር አይገኝም። አቶ ዘርአ ዳዊት ተስፋ ቆርጠው ለእናታቸው ነገሩአቸው። ወይዘሮ ወለተሐና ሽቦውን በጣታቸው ዳበሱና፣ ይህማ ጧፍ ነው፣ መሐሉ መዳብ ሆነ እንጂ አሉ።

ሰላሀዲን ከቆላ ንጹሕ ሰም አመጣ። ወይዘሮዋም ቀጭን ጥጥ ፈትለው በሽቦው ላይ ጠመጠሙት፤ በሰም ውስጥ አሳለፉት፤ በመዳፋቸው አሹት። ይህ ሥራ ሦስት ወር ፈጀ። አቶ ዘርአ ዳዊት ሊጠይቁአቸው ሲመጡ እናታቸውን ሁልጊዜ በጨለማ ቤት ጥግ ተቀምጠው ሲጠመጥሙ ያገኙአቸው ነበር። ጧፍ ላብራልዎ ሲሏቸው ያንኑ የቤቱን ሕግ ይመልሱላቸዋል፤ የሚያነብ የለ፣ ምን ሊደረግ ይነዳል? አቶ ዘርአ ዳዊትም የእናታቸውን ቁጥብነት ስለሚያውቁ ስቀው ያልፉ ነበር። ይህንን ሳቅ በኋላ ዘመናቸው ብዙ ጊዜ አንሥተውታል።

በግንቦት ወር 1932 ዓ.ም. ጉዊዶ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ጸሎተኛ ረዳቱን በአንዲት ትንሽ አምፖል ተሰናበተ። አቶ ዘርአ ዳዊት አምፖሏን በጥሬ ጥጥ ጠቅልለው፣ ቅል ውስጥ አኑረው፣ ቅሉን በደረታቸው አቅፈው ከደብረ ብርሃን አንኮበር በእግራቸው ወረዱ። ያየ ሰው ሁሉ ቅቤ ነው እያለ ዋጋ ይጠይቃቸው ነበር።

ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ የሰላሀዲን አባት የሼህ ሸሪፍ የውኃ ወፍጮ ነበር። ማግኔቱ በጠፍር ከወፍጮው ዘንግ ጋር ተያያዘ። ጊዜው እኩለ ቀን ቢሆንም የወፍጮው ቤት በር ሲዘጋ ድቅድቅ ይላል። ወይዘሮ ወለተሐና በበቅሎ ወርደው ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ሼህ ሸሪፍ ቢስሚላህ ብለው ውኃውን ለቀቁት። ድንጋዩ አጓራ፤ ጠፍሩ ተወጠረ፤ አምፖሏ መጀመሪያ እንደ ፍም ቀላች፣ ቀጥሎ ነጣች። ዱቄት የለበሰው ግድግዳ ሁሉ ታየ። ዙቤዳ አምባሮቿን የምትፈልግ ይመስል ጥቅሉን ዙሪያውን ታየው ነበር። አቶ ዘርአ ዳዊት ወደ እናታቸው ዞሩ። ወይዘሮዋ ፊታቸውን ወደ ውኃው ድምፅ መልሰው በፈገግታ ይጠብቃሉ።

«ልጄ፣ በራ እንዴ?» አሉ።

ያን ጊዜ ሁሉም ገባቸው። ወይዘሮ ወለተሐና ሽቦውን መጠምጠም ከመጀመራቸው በፊት ዓይናቸው ጠፍቶ ኖሯል፤ ልጃቸው ሥራውን እንዳይተው ብለው ደብቀውታል። በዚያ ጥግ የነበረው ቁጥብነት አልነበረም። ሰላሀዲን ነው በርቷል እማማ ብሎ እጃቸውን ይዞ ወደ አምፖሏ ያቀረባቸው። ሙቀቷን በመዳፋቸው አገኙአት። እንደ ጧፍም አሸተቱአት።

«አይጨስም?»

«አይጨስም፣ እማዬ» አሉ አቶ ዘርአ ዳዊት።

«እሰይ። የሚያነብ ሰው አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያስ ምን ይነዳል» አሉና ጎንበስ ብለው እፍ አሉባት።

አቶ ዘርአ ዳዊት ሽቦውን ነቀሉ። የወፍጮው ቤት ጨለመ።

«ጠፋ?»

«ጠፋ፣ እማዬ።»

ወይዘሮዋ፣ ጥሩ ነው፣ ይታዘዛል ብለው ደስ እያላቸው በበቅሏቸው ተመለሱ። በዚያ ቤት የነበሩት ሁሉ ወይዘሮዋ እስኪሞቱ ድረስ አምፖሏ በእፍታ እንዳልጠፋች አልነገሩአቸውም። አቶ ዘርአ ዳዊትም ከዚያ ቀን ወዲያ በእጃቸው የጠፋ መብራት ሁሉ አስቀድሞ እፍ ሳይባል ጠፍቶ አያውቅም።

ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ ደብረ ብርሃን ተመልሰው የመብራት ሠራተኛ ሆኑ። በ1937 ዓ.ም. ከወይዘሮ አመተ ማርያም ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ብርሃነ መስቀልንና ፀዳለን ወለዱ። እናታቸውን ወስደው አብረው አኖሩ። ከመኝታቸው አጠገብ ሲነኩት ቤቱን ሁሉ የሚጣራ ደወል ስለ ሠሩላቸው ወይዘሮ ወለተሐና እስካረፉበት እስከ 1941 ዓ.ም. ድረስ በቤቱ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ለመዘዞ ገበሬዎች ሌባ ሲነካው የሚጮህ የበግ ጋጣ በር ፈለሰፉ፤ በመጀመሪያው ቀን አውራው በግ ሲታከክበት አገሩ በሙሉ ጠመንጃ ይዞ ወጣ። ለደነባ የሠሩት የትምህርት ቤት ደወል ግን ሃያ ዓመት አገልግሏል።

ባትሪ ሲመረምሩ በምላሳቸው ነበር። ረቡዕና ዓርብ ግን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አይቀምሱም፤ ጨው ጨው ስለሚል ጾም ይፈታ እንደ ሆነ የንስሐ አባታቸውን ጠይቀው እስካረፉ ድረስ ቁርጥ ያለ መልስ አልተሰጣቸውም። አምፖል ላይ እፍ ሲሉ ያየ እንግዳ ሁሉ አእምሯቸውን ይጠራጠር ነበር። ወይዘሮ አመተ ማርያምም አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ኧረ እንደ ሰው ማብሪያውን ይጫኑት እያሉ ወቅሰዋቸዋል። በወፍጮው ቤት የሆነውን ያወቁት ከሰላሀዲን ነው፤ እርሱም በ1978 ዓ.ም. ሊሞት ሲል ነግሯቸዋል። ካወቁም በኋላ ወቀሳውን አላቋረጡም። ድንገት ቢያቆሙ አቶ ዘርአ ዳዊት ምክንያቱን ይጠይቁአቸው ነበር።

ያቺ የሽቦ ጥቅል ዛሬም በቤታቸው መደርደሪያ ላይ አለች። አፍንጫ ሲያስጠጉባት የማር ሰም ትሸታለች።

አቶ ዘርአ ዳዊት ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 19 ቀን 1984 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ዳገቱን ወጥተው ለቀብራቸው የደረሱትን የወይዘሮ ዙቤዳ ሸሪፍን ልጆችም ቤተሰቡ ከሐዘንተኞቹ ይቆጥራል።

ባረፉባት ማለዳ፣ ነግቶም የክፍላቸው መብራት እንደ በራ ነበር። ልጃቸው ብርሃነ መስቀል ማብሪያውን ሊጫን እጁን ሲዘረጋ ወይዘሮ አመተ ማርያም ቆይ አሉት። ወንበር አስጠግተው፣ ልጃቸውን ፀዳለን ተደግፈው ወጡ፤ ወደ አምፖሉ ቀና ብለው እፍ አሉ። ብርሃነ መስቀል ያን ጊዜ አጠፋው።

የብርሃን አባት ነፍሳቸውን ጢስ በሌለበት ብርሃን ከእናታቸው አጠገብ ያኑርልን፤ ዓይን ለዓይን ለመተያየት ያብቃቸው። አሜን።