ከሁሉ በላይ የጮኽኩት እኔ ነኝ

ታራጎና አጠገብ፣ ካታሎኒያ፣ ጥቅምት 1827

ለውድ ወንድሜ ለናርሲስ፤ ተራራው ቢለየንም አምላክ ጤናህን ይጠብቅልኝ። እኛም፣ ምስጋና ለሱ ይሁን፣ በቤት ያለነው ደህና ነን።

ወይኑ ዘንድሮ ሰምሯል፤ ለቀማው ላይ ግን ሰው አጠረን። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ለአመፅ የተደወለ ዕለት ጎረምሶቹ ሁሉ «ክፉ አማካሪዎች ንጉሣችንን አግተዋቸዋል፤ እናስፈታቸው!» ብለው ጫካ ገብተው የለ! ጠመንጃቸውን የባረኩት ቄስ አሁን ስለ ታዛዥነት ይሰብካሉ።

ታግተዋል የተባሉት ንጉሥ ራሳቸው ጦር አስከትለው መጡብን። መንገድ ዳር ቆመን «ሺህ ዓመት ይንገሡ!» አልን። እኔማ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኽኩ። ጎረቤቴ ቶማሳ «ኧረ ረመይ፣ ቀስ በይ! ንጉሡ እኮ ደንቆሮ አይደሉም» ብላ ሳቀችብኝ። ኋላ አንድ መኮንን «ስንት ወንድ ልጅ አለሽ?» ሲለኝ፣ «አንድ፤ ይኸው ጋየታ» አልኩት። ቶማሳ ሳቋን ትታ መሬት መሬት አየች። ጫካ የገባውን ታናሹን ልጄን፣ ማጊን፣ ክርስትና ያነሳችው እሷ ናት።

በበቅሎ ነጂው የሱፍ ካልሲ ልኬልሃለሁ፤ ለአንተ እግር ይጠብባል። በርህን የሚያንኳኳ ቢመጣ ስሙን ሳትጠይቅ ክፈትለት፤ ካልሲውንም አልብሰው።

ለሚስትህና ለልጆችህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ካልሲውን ማን ሠራው ቢልህ ግን፣ እናትህ ናት አትበለው።

እህትህ ረመይ