የእናቴ ደወል

ጥቅምት 11 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ጀጎል

እናቴ ከአልጋ መነሳት ካቃታት ወዲህ ድምፅዋ ወፍራሙን ግንብ አልፎ ወጥ ቤት አይሰማም። ዛሬ ጠዋት በሪሞት የሚሠራ ደወል ገጠምኩላት። ሪሞቱን ትራሷ አጠገብ አኖርኩ፤ መቀበያውን ወጥ ቤት ሰቀልኩ። ሁለቱን አገናኝቼ ስሞክረው ጮኸ። እህቴ ዘይነብ እየሮጠች መጣች።

«አቦ፣ አጥፋው! ሐጂ ዩሱፍ አሁን አረፉ። የጎረቤት ጀናዛ ሳይወጣ እኛ ቤት ደወል ይጮሃል? ሰው ምን ይለናል!»

ልክ ናት። የደወሉን ሽቦ ፈትቼ በምትኩ አምፖል አሰርኩ። እናቴ ሪሞቱን አንዴ ስትጫነው በርቶ እንዲቆይ፣ ደግማ ስትጫነው እንዲጠፋ አድርጌ አስተካከልኩት።

«እኔ ብቅ እያልኩ አየዋለሁ» አለች ዘይነብ።

እኔ ቀብር ሄድኩ። እሷን ሐዘን ቤት እንግዳ ማስተናገድ ያዛት። አብረን ስንመለስ አምፖሉ በርቷል። እናቴ ክፍሏ ውስጥ ከአልጋዋ ወለሉ ላይ ወድቃለች። ሪሞቱን እንደጨበጠች ናት፤ ከንፈሯ ደርቋል።

«መቼ ወደቅሽ፣ እማ?»

«ሐጂን በወግ ሸኛችኋቸው?» አለችኝ።

ላነሳት ወገቧን ስይዛት ጮኸች።

ዘይነብ «ሰው ይሰማል!» ብላ ሄዳ የግቢውን በር ዘጋች።