ሐይቁ ላይ ያልተለካው ሞተር

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለመምህር በዛብህ
መሐል ሜዳ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎ እንዴት ነው? ብርዱ ጉልበትዎን እንዴት አድርጎት ይሆን? የደም ግፊት መድኃኒትዎ እንዳያልቅ ስንሰጋ ነው የከረምነው፤ የሦስት ወር የሚሆን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልከናል። እህትዎ እትዬ ድንቅነሽስ ደህና ናቸው? ዓይናቸው ተሻላቸው? ጎረቤቱ፣ ከብቱ፣ አዝመራው እንዴት ነው? እኔ እንደ ወትሮው ደህና ነን ብዬ ልጽፍልዎ አልችልም። በሕይወት አለን።

ያን ቀን ስልኩ ለጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ድምፅዎን ስሰማ «ልጄ እንዴት ሆነ?» ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። እኔም «ሐይቅ ላይ ነው አባባ፤ ጀልባ ነው» ብቻ አልኩ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ባይቋረጥም ኖሮ ከዚያ አልፌ የምናገር አልነበርኩም። መንገዱ ተዘግቶብዎት ለቀብሩ እንኳ ሳይደርሱ ቀሩ። አሁን ዘርዓብሩክ፣ እዚህ ዲላ ገበያ ጨርቅ የሚሸጠው የአገርዎ ልጅ፣ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ እናንተ ሊገባ መሆኑን ስለነገረኝ የጠየቁኝን ልመልስልዎ ቁጭ ብያለሁ። እፊትዎ ቆሜ ብናገር ይሻል ነበር፤ አልሆነም።

ከሁሉ አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ይወቁልኝ። ወንድሜ ከፈለኝ በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ተገኝቷል። አካሉ ሙሉ ነበር። ሰው ስለ አዞ የሚያወራው እዚያ ድረስ ደርሶ ከሆነ አይስሙ፤ ሲገነዝ አጠገቡ ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ። ከእማማ መቃብር ጎን አረፈ። እርስዎ እዚህ ያስተማሯቸው ልጆች፣ ዛሬ ሽበት ያወጡት ሁሉ፣ ከወናጎና ከይርጋጨፌ ሳይቀር መጥተው «የመምህር በዛብህ ልጅ» እያሉ እየተቀባበሉ ተሸከሙት።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገርዎ። ሙሐሲን የሚባል ሰው አለ። አባያ ሐይቅ ላይ ሰውና እህል ወደ ደሴት በጀልባ የሚያሻግር፣ ረጋ ያለ፣ አራት ልጆች ያሉት ሰው ነው። በኅዳር መጀመሪያ የጀልባውን ሞተር ከነቤንዚን ታንኩና ከነቱቦው በመኪና ጭኖ ጋራዤ ድረስ አመጣው። የዚያን አካባቢ ሞተር የምሠራው እኔ ስለሆንኩ ከድሮም ደንበኛዬ ነው። ችግሩን ሲነግረኝ እንዲህ አለ፦ «ባዶዬን ስሄድ ምንም አይል። ሰው ጭኜ ነዳጅ ስሰጠው ግን ትንሽ ይሄድና ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ልክ እንደ ታነቀ ሰው ነው የሚሆነው። ስቀንስለት መልሶ ነፍስ ይዘራል።»

አባባ፣ ሙሐሲን በዚህች ንግግር በሽታውን ከነስሙ ነግሮኝ ነበር።

የዚህ ዓይነት ሞተር ቤንዚኑ በግፊት ካልተረጨለት ጉልበት የለውም። ስለዚህ ደከመ ሲባል መጀመሪያ የሚለካው የነዳጁ ግፊት ነው። እኔም ለካሁ። ሞተሩን ውሃ የሞላ በርሜል ላይ አቆምኩት፣ መለኪያውን ገጠምኩ፣ አስነሣሁት። ቀስቱ ሦስት ላይ ወጥቶ ቀጥ አለ፤ መሆን ያለበትም ሦስት ነው። ደስ አለኝ። የቤንዚን ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ ቀየርኩ። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ሳወጣቸው ጠቁረው አገኘኋቸውና «ነዳጁ ምንም አልሆነም፤ የበላህ ካንዴላው ነው» አልኩት።

ሙሐሲን ግን ልቡ አላረፈም። «በርሜል ውስጥ እኮ ጭነት የለበትም። ሐይቁ ላይ ወስደን፣ ሰው ጭነን፣ መለኪያህን እንደገጠምክ ሙሉ ነዳጅ ሰጥተን እንየው» አለኝ። እውነቱን ነበር። ሞተር ሥራ ሳይበዛበት የሚፈልገው ቤንዚን ጥቂት ነው፤ ግፊቱ የሚወርድ ከሆነ የሚወርደው ሲጭንና ሙሉ ኃይሉን ሲጠየቅ ነው። ይህን ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ። ነገር ግን ጊዜው የቡና ጊዜ ነው። ከኮንጋና ከጨለለቅቱ የመጡ ሦስት አይሱዙዎች ደጄ ላይ ቆመዋል፤ ሾፌሮቹ ይነጫነጩብኛል። ሐይቁ ድረስ ሄዶ መመለስ ቀኔን ሙሉ ይበላዋል። «አያስፈልግም፣ በእኔ ይሁንብህ» አልኩት። በዚህ ቃል ሞተሩን ጭኖ ሄደ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6 ቀን፣ ከፈለኝ ለደሴቲቱ ከብቶች ክትባት ይዞ በሙሐሲን ጀልባ ሊሻገር ከቤቱ ወጣ። መሥሪያ ቤቱ ሲልከው ይህ የመጀመሪያው አልነበረም፤ ውሃ እንደሚፈራ ግን ያውቃሉ። ዲላ ያደገ ልጅ ከየት ዋና ይማራል?

እንዴት እንደሆነ የነገረችኝ ሙሉካ የምትባል፣ ደሴቲቱ ላይ ጨውና ሳሙና የምትሸጥ ሴት ናት። አብራቸው ነበረች። ከመንገዱ እኩሌታ በላይ በሰላም ሄዱ። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ያን ቀን ቀደም ብሎ ተነሣ። ማዕበሉ ሲበረታ ሙሐሲን ነዳጅ ሰጠ፤ ሞተሩ ጮኸ፣ ወዲያው ድምፁ ወረደ። ቀነሰለትና እንደገና ሰጠው፤ እንደገና ወረደ። «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይል ነበር አለች። ጀልባዋ ፊቷን ወደ ማዕበሉ አድርጋ መቆም አቃታትና ጎኗን ሰጠች። የመጀመሪያው ማዕበል አዘነበላት፤ ሁለተኛው ሞላት።

ከፈለኝ ባዶ ጀሪካን አግኝቶ ታቅፎ ነበር። የሙሉካ እጅ ከጀልባዋ ጠርዝ ሲላቀቅ ሲያይ ጀሪካኑን ገፋላት። «ያዢው! እኔ ይሄ አለኝ» አላት፤ የክትባቱን ሳጥን ማለቱ ነው። ሳጥኑም ለጥቂት ጊዜ ይዞት ተንሳፈፈ። ከዚያ ክዳኑ ተከፈተ። ሙሉካ ይህን ስትነግረኝ ፊቴን ማየት አልቻለችም፤ መሬት መሬቱን እያየች ነው የጨረሰችው። ዓሣ አጥማጆች ደርሰው ሌሎቹን አወጧቸው። እሱና አንድ የደሴቲቱ አዛውንት ቀሩ።

ሙሐሲን ከውሃው እንደ ወጣ ታሰረ። ከልክ በላይ ጭኗል ተባለ፣ ቤንዚኑን ከላምባ ጋር ቀላቅሏል ተባለ። እኔ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ለቀስተኛው እሱን ሲረግም እሰማ ነበር። አንዳንዱ «አይዞህ፣ ፍርዱን ያገኛል» እያለ ትከሻዬን ይዳብሰኝ ነበር። ያን ጊዜ ገና የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ሙሐሲን ደጄ ላይ ቆሞ ያለኝ ከጆሮዬ አልወጣም። ምግብ ሲቀርብልኝም፣ ካህኑ ሲያጽናኑኝም እሰማው ነበር።

ከአደጋው በአሥራ አንደኛው ቀን መለኪያዬን ይዤ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ለማንም አልነገርኩም። የሙሐሲን ሞተር ውሃ ጠጥቶ አይነሣም ነበር፤ የቤንዚኑ ታንክና ቱቦው ግን ከጀልባዋ ተፈትተው ዳር ላይ ተጥለው አገኘኋቸው። ዓሣ አጥማጆቹ ያው ዓይነት ሞተር አላቸው። የሟች ወንድም ነኝ አልኳቸውና እሺ አሉኝ። አራት ሰው ጫንን። መለኪያውን ገጠምኩና መጀመሪያ በራሳቸው ቱቦ ሄድን፤ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶትም ቀስቱ ከሦስት ንቅንቅ አላለም። ዳር ተመልሰን የሙሐሲንን ቱቦ ቀየርኩ። ቀስ ብለን ስንሄድ ሦስት ነው። በግማሽ ነዳጅ ሁለት ተኩል ሆነ። «አሁን ሙሉውን ስጠው» አልኩት ነጂውን። ቀስቱ ወደ ሁለት ወረደ፣ ወደ አንድ ተኩል፣ ወደ አንድ። ሞተሩ ሙሐሲን እንዳለው ታነቀ፣ ጀልባዋም ሸብረክ ብላ ቆመች። ሰዎቹ «ምን ሆነሃል?» ይሉኛል፤ እኔ መለኪያው ላይ አፍጥጬ ቀርቻለሁ።

ዳር ወጥቼ ከቱቦው ጫፍ አንድ ስንዝር ቆርጬ በምላጭ ርዝመቱን ሰነጠቅኩት። ከውጭ ሲያዩት አዲስ ነው። ከውስጥ ግን ሽፋኑ ተልጦ ተንጠልጥሏል። ቤንዚኑ በቀስታ ሲሳብ በጎኑ ያልፋል፤ ሞተሩ በኃይል ሲስብ ግን የተላጠው ተጣጥፎ መንገዱን ይዘጋዋል። በርሜል ውስጥ ዓመት ሙሉ ቢለካ አይታይም። ሐይቁ ላይ ለማየት ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም።

አሁን የምጽፈው የሚያሳፍረኝ ነው አባባ። ቱቦውን ጠቅልዬ ካፖርቴ ውስጥ ከተትኩና ወደ ዲላ ተመለስኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ከመሣሪያዬ ሥር ደበቅኩት። ቤንዚኑ ቅልቅል ነበር ብል የሚያምነኝ ሞልቷል፤ ሙሐሲን ላይ ለመመስከር የተዘጋጀውም ብዙ ነው። እኔ ደግሞ ሐዘንተኛ ነኝ፤ ማን ይጠረጥረኛል? እንዲህ እያልኩ አሰብኩ። አስቤዋለሁ፣ አልዋሽዎትም።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ ባለቤቴ ሄርሜላ «ከሐይቁ ከተመለስክ ጀምሮ እህል አልቀመስክም፤ ምን አግኝተህ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። የያዘችውን ሳህን አስቀመጠችና «ሙሐሲንስ?» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከገበታው ተነሥቼ ቱቦውን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ።

መርማሪው መጀመሪያ ሐዘን አእምሮዬን የነካው መስሎት «ሂድና ዕረፍ» አለኝ። ቱቦውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ሳስረዳው ግን ወረቀት አወጣ። በቀረው ቱቦ ሐይቁ ላይ ወርደው እኔ ያደረግኩትን ራሳቸው ደግመው አዩት። ሙሐሲን ተለቀቀ፤ እኔ አራት ቀን ታሥሬ በዋስ ወጣሁ። ታኅሣሥ 22 ቀን ፍርድ ቤት እቀርባለሁ። ጠበቃዬ «በርሜል ላይ ለክተህ ትክክል ነበር በል፤ የቱቦ ጉዳይ የጀልባው ባለቤት ነው» ይለኛል። እኔ ግን የሆነውን እንደሆነው እናገራለሁ። ጋራዡን ዘግቻለሁ። ልክፈተው ብል እንኳ «ተሠርቷል» ብዬ ለሰው መኪና የምመልስበት አፍ ከየት አመጣለሁ?

እኔ በዋስ በወጣሁ ማግሥት ሙሐሲን ለቅሶ ሊደርሰን መጣ። አጠገቤ ተቀመጠና ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ሐይቁ ላይ እንየው ብዬህ ነበር» አለኝ። «ብለኸኛል» አልኩት። እጄን ይዞ አለቀሰ። ሲነሣ ግን እጄን ለቀቀና ወደኋላ ሳይመለከት ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልተገናኘንም። ሐይቅ ላይ መሥራት ትቷል ይባላል።

አባባ፣ ለፖሊስ ያልነገርኩት አንድ ነገር ቀርቶኛል። ለእርስዎ ሳልነግር ግን አልችልም። ያን ዓርብ ጠዋት ከፈለኝ ሊወጣ ሲል ደውሎልኝ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የሙሐሲን ሞተር መሐል ሐይቅ ላይ ደክሞ እንደነበር ሰምቷል። ፈርቷል። «ሰኞ ልሂድ ይሆን? ሌላ ጀልባ ሰኞ አለ ብለውኛል» አለኝ። እኔ አንድ አይሱዙ ሥር ተኝቼ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ነበር የማወራው። «ሞተሩን እኔ ነኝ የሠራሁት፤ ሂድ» አልኩት። «አንተ ካየኸውማ ምን እፈራለሁ» አለኝና ሳቀ። ሲስቅ እርስዎን እንዴት እንደሚመስል ያውቃሉ። ያ ነው የመጨረሻው።

ይቅር ይበሉኝ ብዬ አልጽፍም። መልስ ባይጽፉልኝም አልቀየምም። ብቻ «ልጄ እንዴት ሆነ?» ብለው ሦስት ጊዜ ጠይቀውኛል፤ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው።

እትዬ ድንቅነሽን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ። ለቀስተኛ ሆኖ ለዋለላችሁ ጎረቤት ሁሉ ምስጋናዬን አድርሱልኝ። ሄርሜላ ከመሬት ዝቅ ብላ እጅ ትነሣለች፤ መድኃኒቱን ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በኋላ እንዲወስዱ ትላለች። የከፈለኝ ልጅ ትንሿ ሥርጉት ደህና ናት፤ «አያቴ መቼ ይመጣል?» ትላለች፤ ስለ አባቷም እንዲሁ ትጠይቃለች። እናቷ ሰላማዊት እኛው ጋ ናት። ከፈለኝ ሲደውልልኝ አጠገቡ ቆማ ስለነበር ያልኩትን ሁሉ ሰምታ ነበር፤ እኔ ሐይቁ ላይ ወርጄ ከመለካቴ በፊት፣ ገና ከመጀመሪያው ቀን ታውቅ ነበር ማለት ነው። ለእርስዎ እየጻፍኩ መሆኑን ስነግራት «ሁሉንም ጻፍላቸው» አለችኝ። የእሷን ሰላምታ ግን እዚህ ላይ ልጽፍልዎ አልችልም። እኔ ሳላየው ለብቻዋ ደብዳቤ ጽፋ፣ አሽጋ፣ በራሷ እጅ ለዘርዓብሩክ ሰጥታዋለች።

ልጅዎ መልከጼዴቅ
ዲላ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.